ሞጣ የሄደው ጽዋ

ኑማ፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ። መደቡ ለሁላችን ይበቃል። አንተም እዚያ ቆመህ አትስማኝ፤ ቁጭ በል፣ ቆሞ የሚሰማ ሰው ግማሽ ልቡ መንገድ ላይ ነው። የማወራችሁ የጦር ወሬ አይደለም፣ የንጉሥ ታሪክም አይደለም። ስለ አንዲት የቢቸና ሴትና ከእጇ ወጥቶ ሞጣ ድረስ ስለሄደ አንድ የሸክላ ጽዋ ነው።

ሴትዮዋ ስሜነሽ ትባላለች። ባሏን ቀብራ፣ ልጆቿን ድራ፣ ቢቸና ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች። ብቻዋን አልኩ እንጂ ሰው የራቃት ሴት አይደለችም፤ የሴቶቹ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ሙሴ ናት። ሙሴ ማለት የማኅበሩ አለቃ፣ ተራ አስጠባቂ፣ የተጣላ አስታራቂ ማለት ነው። ማኅበሩን የመሠረተችው እናቷ ነበረች። ስትሞት ለስሜነሽ ያወረሰቻት በሬም መሬትም አልነበረም፤ እጇን ይዛ፣ «ልጄ፣ ጽዋው በአንቺ ዘመን መሬት እንዳይወድቅ» ብላት ነው ያረፈችው።

የጽዋን ነገር ለማያውቅ ልንገረው። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በአሥራ ስድስት ቀን በአንዷ ቤት ይሰበሰባሉ። ቄሱ ይጸልያሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ከጽዋው ሁሉም ይቀምሳል። ሲያበቃ ሙሴዋ ጽዋውን በሁለት እጇ አንሥታ ትቆማለች። ባለተራዋ እጇን በነጠላዋ ሸፍና ትቀበላለች፤ ሌሎቹ እልል ይላሉ። እልልታው ከተሰማ በኋላ አልችልም፣ ተሳስቻለሁ፣ ይለፈኝ ማለት የለም። የተቀበለች ሴት በሚቀጥለው ወር ሳትደግስ ጽዋው ከቤቷ አይወጣም። ሕጉ ይኸው ነው፤ የተጻፈበት ቦታ የለም፣ ግን የጣሰው ሰው አልታየም።

ታዲያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ስሜነሽን አንድ ሐሳብ እየበላት መጣ። ድግሱ ከብዶ ነበር። አንዷ ሁለት ጋን ጠላ ስታወጣ ሌላዋ ሦስት ታወጣለች፤ አንዷ ዶሮ ስትሠራ ሌላዋ በግ ታሳርዳለች። ኑሮው ሲወደድ ደግሞ ሴቶቹ አንድ አንድ እያሉ መራቅ ጀመሩ። «ወገቤን አሞኛል» የምትል አለች፣ «ልጄ ጋ ደብረ ማርቆስ ልሄድ ነው» የምትል አለች። ጽዋው ከእጇ ወደ እጅ የሚያልፍበት ጊዜ በየወሩ እየረዘመ ሲሄድ ይሰማታል። አንድ ቀን የሚቀበላት ጠፍቶ ጽዋውን እንደያዘች ቆማ እንዳትቀር ነበር የምትፈራው። ያ ቀን የመጣ እንደሆነ የእናቷ ማኅበር አበቃ ማለት ነው።

እንግዲህ የሞጣዎቹ እንዴት ገቡበት? ነጅዋ የምትባል ልጅ አለች። የሞጣ ልጅ፣ ሙስሊም፣ ሙያዋ ነርስ። ቢቸና ጤና ጣቢያ ተመድባ ከስሜነሽ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። እናቷ ሙኒያ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሞጣ ላይ በጨርቅ ንግድ ከሚታወቅ ቤት ናት፤ በመስጊዳቸው የሴቶቹን ጀመዓ፣ ማኅበራቸውን፣ የምታስተባብረውም እሷ ናት።

በዚያ ሰሞን በየከተማው የሃይማኖት አባቶችን አዳራሽ ሰብስቦ ስለ መቻቻል ማወያየት ተለምዶ ነበር። የማኅበሩ ቄስ ገብረ ሚካኤልም ተጠርተው ሄዱ። ሲመለሱ ስሜነሽ ደጅ ላይ አገኘቻቸው።

«እንዴት ዋሉ አባቴ? ወርክሾፑ ደኅና ነበር?»

«ደኅና ነበር። ከአንድ ሸህ ጎን አስቀመጡኝ፣ ፎቶም አነሡን።»

«ምን ተጨዋወታችሁ?»

«ውሃውን ያቀብሉኝ አሉኝ። አቀበልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጠጡት። ሌላ አላወራንም።»

ነጅዋ ልብስ እያሰጣች ትሰማ ነበርና ሳቋ አመለጣት። «እማማ፣ እናንተ ሴቶቹ ለምን አትገናኙም? የእኔ እናት ወሬ ካገኘች ውሃ ጠጥታ ዝም የምትል ሰው አይደለችም» አለች።

እንዲህ በጨዋታ የተጀመረው ነገር ቁም ነገር ሆነ። የቢቸናው የኪዳነ ምሕረት ማኅበርና የሞጣው የሴቶች ጀመዓ በየጊዜው ሊጠያየቁ፣ የታመመ ሲኖር ሊረዳዱ፣ ያልገባቸውን ሊጠያየቁ ቃል ተገባቡ። በጸሎት ግን አንቀላቀልም ተባባሉ። አንዷ ስትጸልይ ሌላዋ ደጅ ላይ በጸጥታ ትቀመጣለች፤ ጠይቂ እንጂ ተከራከሪ አይባልም።

መጀመሪያ የቢቸናዎቹ ሞጣ ሄዱ። መንገዱ እንደ ልብ በማይሆንበት ዘመን አንድ ሰላም ሰሞን ጠብቀው፣ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አድርገው ደረሱ። ሙኒያ ቤት ዋሉ። ከማኅበሩ ሴቶች አፏ የሚቀድመው ብሩክታይት ናት፤ «እናንተ መስጊድ ስትገቡ ጫማ ለምን ታወልቃላችሁ?» አለች። ሙኒያም ትንሽ አሰበችና፣ «እናንተስ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ?» አለች። «እኛማ እናወልቃለን» አለች ብሩክታይት፤ ወዲያው የራሷ መልስ አሳቃት። ሞጣ ያየችውን ክፉ ጊዜ፣ መስጊዶቹ የተቃጠሉበትን፣ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ እኔም አልደግመውም። እነሱም አላነሡትም። ብቻ ማታ ስንብት ላይ ሙኒያ ወደ መስጊዱ አሻግራ ብታይ፣ ስሜነሽ እጇን ይዛ አብራት አየች።

የሞጣዎቹ ደግሞ በተራቸው በጥቅምት ኪዳነ ምሕረት ቢቸና መጡ። የዚያ ወር ድግስ የስሜነሽ ነበር። እንግዶቿን አስባ ብዙ ነገር አስተካከለች። የእነሱን ዳቦ ሳይባረክ በፊት ለይታ አስቀመጠች። ጠላው እንዳይሸታቸው ብላ የዚያን ቀን ጽዋውን በብርዝ ሞላችው፤ ማሩ ከውሃ ጋር ተመትቶ ያልቆየ፣ ልጅም ሙስሊምም የሚጠጣው ዓይነት። ቄስ ገብረ ሚካኤል ሲጸልዩ እነሙኒያ በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ ጸሎቱ ሲያልቅ ገቡ፤ ተበላ፣ ተጫወቱ።

ከዚያ ያ የሚያስፈራት ሰዓት ደረሰ። ስሜነሽ ጽዋውን አንሥታ ቆመች።

«እመቤታችን ለከርሞ በሰላም ታድርሰን። ጽዋዬን የምትቀበለኝ ባለተራ ማን ናት?»

ባለተራዋ ብሩክታይት ነበረች። ያች ተናጋሪ ሴት አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥር ጀመር። ስሜነሽ ወደሚቀጥለችው ወደ ጸደንያ ዞረች። ጸደንያ የተሰበሰበውን ቁርስራሽ ደግማ ትሰበስባለች። ሌላዋን አየች፤ እሷ ደግሞ ቀና ብላ ጣራውን ታያለች። ማንም እንቢ አላለም፤ ማንም አልተነሣም። እንግዶቹ እያዩ፣ ቄሱ እያዩ፣ የስሜነሽ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብርዙ ጫፍ ላይ ደርሶ ሲመለስ ታየዋለች። እናቷ የፈራችው ቀን ይኸው ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ስትገልጠው ሙኒያ ፊቷ ቆማለች። እጇን በሻርፗ ሸፍናለች፤ የሰው የከበረ ዕቃ በባዶ እጅ አይነካም ብላ ነው።

«ለእኔ ይስጡኝ እትዬ ስሜነሽ። ተቀብያለሁ» አለች።

ስሜነሽ ከድካሟና ከድንጋጤዋ የተነሣ እጇ እንዴት እንደለቀቀ አታውቅም። ይሄኔ እንኳ ነገሩ እንደ እርዳታ ተቆጥሮ ባለፈ ነበር። ነገር ግን ጥግ ላይ እማሆይ አርሴማ ተቀምጠዋል። የማኅበሩ ትልቅ ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ብቻ ታያቸውና ከሆዳቸው እልል አሉ። የአንዷ እልልታ የሌላዋን ምላስ ይጠራል አይደል? ሴቶቹ ሁሉ ሳያስቡት አብረው እልል አሉ። ልማድ ነው፣ አፍ ይቀድማል።

እንግዳ የተቀበለውን ከእጁ መንጠቅ አይሆንም። ሙኒያ ጽዋውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና፣ ለስሜነሽ እጅ ነሥታ፣ ከጓደኞቿ ጋር ሚኒባሱ ላይ ወጣች። ሚኒባሱ ገና ከዓይን ሳይሰወር ቤቱ ውስጥ ያለው አፍ ሁሉ ተከፈተ።

«በስመ አብ» አለች ብሩክታይት። «የእመቤታችን ጽዋ እስላም ቤት ሊያድር?»

ጸደንያ ዞረችባት። «ተራው የማን ነበር አንቺ? ያኔ አፍሽን ምን በላው?»

«አንቺስ? ቁርስራሽ ስትለቅሚ ያላየሁሽ መሰለሽ?»

«እኔ ተራዬ አልነበረም።»

«ተራሽ ቢሆን ትነሺ ነበር?»

እማሆይ አርሴማ አሁንም አልገባቸውም። «ደግሞ ምን ሆናችሁ? ማን ተቀበለች? ድምጿ ለስላሳ ነው፤ የማን ልጅ ናት?» ይላሉ።

«የሞጣዋ ናት እማሆይ፣ ሙስሊሟ።»

«እህ» አሉ እማሆይ። «ታዲያ ከእናንተ በላይ ሰምታለች።»

ሴቶቹ ግን አልበረዱም። መጨረሻ ላይ ብሩክታይት ስሜነሽን፣ «እሜቴ፣ ሙሴያችን እርስዎ ነዎት። ሄደው ያምጡት። ያ ጽዋ እዚያ ከሰነበተ እኔ ማኅበርተኛ አይደለሁም» አለቻት። የብዙዎቹም ፊት እንደዚያው ይላል። ስሜነሽ ወደ ቄሱ ዞረች። ቄስ ገብረ ሚካኤል ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ጸሎት በሌለበት ሸክላው ሸክላ ነው። ጸሎቱን ደግሞ እኔ ይዤው ነው የምሄደው፣ ሞጣ አልሄደም። ግን እናንተን ደግሞ ማጣት አልፈልግም። ሂጂና አይተሽ ነይ ልጄ» አሏት።

ስሜነሽ ያን ሳምንት ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ጽዋውን ብትመልሰው ሙኒያን ማዋረድ ነው፤ ሞጣና ቢቸና ያሰሩት ክር በዚያው ይበጠሳል። ባትመልሰው ሴቶቹ ይበተናሉ፤ ማኅበሩ ይሞታል። ነጅዋ የዕረፍት ቀኗ ሲደርስ ይዛት ሄደች። መንገድ ላይ ስሜነሽ አልተጫወተችም። ነጅዋም እናቷ ላይ የመጣውን ነገር ታውቃለችና ዝም ብላ የውሃ መያዣዋን አቀበለቻት። ስሜነሽ ጠጥታ ስትመልስላት የቄሱና የሸሁ ወሬ ትዝ አላትና ጥቂት ፈገግ አለች።

ሙኒያ ቤት ሲደርሱ ታላቅ ወንድሟ ሐጂ ሙሐመድጣሂር ነበሩ። ጎረቤቷ ሰገነትም ነበረች። ሰገነት ክርስቲያን ናት፤ ከሙኒያ ጋር አጥራቸው አንድ ነው፣ ሠርግም ሐዘንም አብረው ያሳለፉ ናቸው። በረንዳው ላይ ስንዴ ተሰጥቷል፤ የጀመዓው ሴቶች ከበውት ይለቅማሉ።

ሰላምታው ረዘመ፣ የልጅ የከብቱ ተጠየቀ። ከዚያ ስሜነሽ ልትዋሽ አልወደደችም።

«ሙኒያ እህቴ፣ የመጣሁት ጽዋውን ልወስድ ነው። ሴቶቹ አኩርፈውብኛል።»

ሙኒያ ደነገጠች። «ምን አጠፋሁ እትዬ?»

«አንቺማ ምንም። ባለተራዋ የማኅበሩ ሴት መሆን ነበረባት።»

«ኧረ እኔስ አላወቅሁም» አለች ሙኒያ፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «እናንተ ሞጣ መጥታችሁ እኔ ቤት ዋላችሁ። እኛ ቢቸና መጥተን እርስዎ ቤት ዋልን። ቀጥሎ የእኛ ተራ ነው፣ ጽዋው የዚያ ምልክት ነው ብዬ ነው። ሁሉም ሲያቀረቅሩ እኛን እየጠበቁ መሰለኝ። እርስዎ ደግሞ ክንድዎ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ጓደኞቼ ዝም ቢሉ እኔ ልነሣ አልኩ። እልልም አላችሁልኝ እኮ።»

«እልል ብለናል፣ እውነት ነው» አለች ስሜነሽ።

ሐጂ ሙሐመድጣሂር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም ስታመጣው ተቆጥቻት ነበር። የሰው የእምነት ዕቃ እንዴት እቤትሽ ይገባል አልኳት። በኋላ ሳስበው አማና ነው፣ አደራ። አማናን ባለቤቱ ሳይጠይቅ አይነኩትም፤ ሲጠይቅ ደግሞ አንድ ሰዓት አያቆዩበትም። ባለቤቷ ጠየቀች። ሰገነት፣ አምጪላቸው።»

ለካ ሙኒያ ጽዋውን እቤቷ አላሳደረችውም። በመጣች ዕለት ለሰገነት ሰጥታት፣ ሰገነት ከሥዕለ አድኅኖው ሥር አስቀምጣው ኖሯል። አምጥታ ስሜነሽ ጭን ላይ አኖረችላት። ማንም ቅር አላለም፣ ማንም ያጉረመረመ የለም። ሙኒያ ብቻ ወደ ስንዴው ዞር ብላ፣ «እንግዲህ ይሄን የድግሱን ስንዴ ለቤት እናደርገዋለን» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ለሴቶቹ።

ስሜነሽ ጽዋውን አቅፋ ተቀመጠች። የመጣችበት ተፈጽሟል፤ ልትነሣ ነው የቀራት። ግን አልተነሣችም። ቢቸና ስትደርስ የሚሆነውን አሰበችው። ጽዋውን ይዛ ደግማ ትቆማለች፤ ማን ናት ትላለች፤ ብሩክታይት ጥለቷን ትቆጥራለች። እዚህ ደግሞ ማኅበርተኛ ያልሆኑ ሴቶች ለጽዋው ድግስ ስንዴ ሲለቅሙ ሰንብተዋል። የምትመልሰው ዕቃውን ነው እንጂ ማኅበሩን አይደለም።

«ሰገነት ልጄ» አለች ቆይታ፣ «አንቺ ማኅበር አለሽ?»

«የለኝም እናቴ። የነበረን ፈረሰ።»

«ቄስ ገብረ ሚካኤል አንቺ ቤት መጥተው ቢጸልዩ ታስገቢያለሽ?»

ሰገነት ሳቀች። «ቄስ ደጄ ቆሞ አላስገባም ልል?»

ስሜነሽ ጽዋውን ከጭኗ አንሥታ ለሰገነት መልሳ ሰጠች። ወደ ሙኒያ ዞራም፣ «ስንዴው ስንዴሽ ነው፣ ድካሙ ድካምሽ ነው፣ ተራሽ ነው። ጸሎቱን ሰገነት ቤት እናደርሳለን፤ የአንቺን ቃል አልሰብርም። ለኅዳር ኪዳነ ምሕረት እንመጣለን» አለች።

«ሴቶቹስ?» አለች ሙኒያ።

«ሴቶቹን እኔ እችላቸዋለሁ» አለች ስሜነሽ። አትችላቸውም ነበር፤ እሷም ታውቀዋለች።

ባዶ እጇን ቢቸና ስትገባ ብሩክታይት መናኸሪያው ድረስ ወጥታ ስትጠብቅ አገኘቻት።

«የታለ?»

«አላመጣሁትም።»

«ከለከሉዎት?»

«ሰጡኝ። እኔ መለስኩት።»

«እንግዲያው እኔ የለሁበትም እሜቴ» ብላ ብሩክታይት ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች። ሌሎቹም ወሬውን ሰምተው ከፊሎቹ መከሩ አልተሰበሰበም አሉ፣ ከፊሎቹ መንገዱ ያስፈራል አሉ። እውነትም መከር ነበር፤ መንገዱም እንደሚያስፈራ ሁላችንም እናውቃለን። ስሜነሽ ማንንም አልወቀሰችም። ቄስ ገብረ ሚካኤል ብቻ ነገሩን ሰምተው፣ «ክርስቲያን ቤት ከሆነ እጸልያለሁ፤ ስንዴ ሃይማኖት የለውም» አሏት።

በኅዳር አሥራ ስድስት ጠዋት ሚኒባሱ ውስጥ የገቡት ስሜነሽ፣ ቄሱ፣ እማሆይ አርሴማና ጸደንያ ብቻ ነበሩ። ጸደንያም ለምን እንደመጣች ስትጠየቅ፣ «ያን ቀን ብሩክታይት ያለችኝ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ» አለች። ሾፌሩ ወንበሩ እስኪሞላ ሲያስጠብቃቸው ስሜነሽ በመስኮቱ ታያለች። የመጣ የለም። ሚኒባሱ በሌላ መንገደኛ ሞልቶ ተነሣ።

ሞጣ ሲደርሱ ሰገነት ቤቷን ቄጠማ ጎዝጉዛ ጠበቀቻቸው። ጸሎቱ ደረሰ። የሙኒያ ሴቶች ደጅ ካለው ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ እየሞቁ፣ ድምፃቸውን አጥፍተው ተቀመጡ። ጸሎቱ ሲያበቃ ሰገነት የጋገረችው ዳቦ ቀረበ። ከስንዴና ከባቄላ የተቀቀለ ንፍሮ ቀረበ፤ ጾሙ ከዋዜማው ገብቷልና ወጥ ቢሠራ እንኳ የጾም ነበር። ጽዋው በብርዝ ተሞልቷል። ሙኒያና ሴቶቹም ገብተው ተቀመጡ፤ ለእነሱም ተለይቶ የተቀመጠ ዳቦ መጣ።

ተበላ። ጸደንያ ወደ ጓዳው በር ታያለች። ትንሽ ቆይታ ወደ ስሜነሽ ጠጋ አለችና፣ «ሌላው መቼ ነው የሚመጣው?» ብላ አንሾካሾከች።

ሙኒያ ሰማቻት። «ጎደለ እንዴ? ወላሂ የምታደርጉትን ሰገነትን ጠይቄ ነው። ዳቦ፣ ንፍሮና የሚጠጣ ነው አለችኝ። ጠላ መጥመቅ አላውቅም፤ ሰገነትን ጥመቂ እንዳልላት ደግሞ ከእኔ ቤት በወጣ ነገር…»

«አልጎደለም» አሉ ቄስ ገብረ ሚካኤል። የያዙትን ንፍሮ ዘግነው ለእማሆይ አርሴማ መዳፍ ላይ አፈሰሱላቸው። «እማሆይ፣ የስሜነሽ እናት ማኅበሩን የመሠረተች ጊዜ ምን ነበር የሚወጣው?»

እማሆይ አርሴማ ንፍሮውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ይኸው ነበር። ባቄላው እንኳ አልነበረም፤ እሱን ይቺ የሞጣዋ ጨምራለች። በጉን ያመጡት እነዚህ ናቸው» አሉ፤ አገጫቸውን ወደ ጸደንያ ቀስረው።

ጸደንያ አልሳቀችም። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ከባድ ሸክም ይዞ የሄደ ሰው ሸክሙን አውርድ ሲባል መጀመሪያ ትከሻው እንደሚያመው ዓይነት ነው የሆነችው።

«ይሄንንማ» አለች በመጨረሻ፣ «ይሄንንማ እኔም እችላለሁ።»

ስሜነሽ ጽዋውን አንሥታ ስትቆም ማን ናት ብላ ለመጠየቅ አፏን አልከፈተችም፤ ጸደንያ ነጠላዋን እጇ ላይ ጥላ ተነሥታ ነበር። እልል ያሉት ጥቂት ነበሩ፤ ከደጅ ያሉት የሙኒያ ጎረቤቶች ግን ሰምተው ምን ተገኘ ብለው መጡ። ሰገነትም የዚያን ዕለት ማኅበርተኛ ልሁን ብላ ጠየቀች፤ ተፈቀደላት።

ለታኅሣሥ ጸደንያ ቤት ዳቦና ንፍሮ ብቻ ነው የሚወጣው የሚል ወሬ ቢቸናን ዞረ። መጀመሪያ የሳቁ ነበሩ። ብሩክታይት ግን አልሳቀችም። አንድ ቀን ስሜነሽ ቤት መጣችና ሳትቀመጥ ቆማ፣ «ባሌ ከታመመ ወዲህ ጋኔ ባዶ ነው እሜቴ። የዚያን ቀን ያፈርኩት እሱን ነው። አንድ ጋን ጠላ ሳላወጣ ብሩክታይት ደገሰች ሊባል ነው ብዬ ነው» አለቻት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፌ ሌላውን ሁሉ ይናገራል፣ ይሄንን ብቻ አይችልም።»

ስሜነሽ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት። በታኅሣሥ ኪዳነ ምሕረት ብሩክታይት ጸደንያ ቤት መጣች፤ ጽዋውንም ተቀበለች። ከዚያ ወዲያ ማኅበሩ አልተበተነም። የራቁትም ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ከፊሎቹ አልተመለሱም።

የሞጣና የቢቸናው መጠያየቅም አለ። ጽዋው ከዚያ ወዲህ ከማኅበርተኞቹ እጅ ወጥቶ አያውቅም፤ የኅዳሩ ስንዴ ግን የሙኒያ ሆኖ ቀረ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ የቢቸናዎቹ ለማፍጠሪያው ሾርባ ምስርና አጃ ለቅመው ይልካሉ፤ ብሩክታይት ስትለቅም ጠጠር እንዳታስቀር ተብሎ ዓይን ይጣልባታል፣ እሷም ትቆጣለች። አሁንም ይጠያየቃሉ። አሁንም ያልገባቸው ነገር ብዙ ነው፤ አሁንም አይከራከሩም።

ይኸው ነው ልጆቼ። እንግዲህ መሽቷል፣ እግዜር በሰላም ያግባችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። የሰው ጸሎት እስኪደርስ ድረስ ሰገነት ደጅ ፀሐይ ላይ ድምፃቸውን አጥፍተው የተቀመጡትን እነዚያን ሴቶች፣ አልፎ አልፎ አስቡልኝ። አትርሷቸው።